ከ«ጥያቄ ያለው?» በኋላ

እስከዚያ ማክሰኞ ጠዋት ድረስ ሁኔታው እንዲህ ነበር። ስብሰባው የሚካሄደው በሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ በማይከፈተው ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ሞላላ ሲሆን ዙሪያውን ስድስት ወንበሮች አሉ፤ ስድስተኛው አንድ እግሩ ስለሚወዛወዝ የሚደርሰው ለዘገየ ሰው ነው። ጠረጴዛው መሃል ላይ ትንሽ ሰሃን የምታህል ጥቁር፣ ክብ የድምፅ ሣጥን ተቀምጣለች። አናቷ ላይ አንድ ቁልፍ አለ፤ አንዴ ሲጫኑት አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ ሲደግሙት ይጠፋል። ስድስት ሰዎች ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሰባተኛው ከቤቱ ሆኖ በሣጥኗ በኩል ይገባል። ሥራቸው የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ፕሮግራም መሥራት ነው። ስብሰባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቃል፤ አሥራ ስድስት ደቂቃ የፈጀበት ቀን የለም።

ይህ የቡድኑ መሪ ሥራ ነበር። ቀድሞ የሠራበት ቤት አለቃው ሦስት ሰዓት የሚሰበስቡ ሰው ስለነበሩ፣ እሱ መሪ የሆነ ቀን የሰው ጊዜ ላለማባከን ለራሱ ቃል ገብቷል። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ሳይል ንግግር ስለማይጀምር መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ደቂቃ» ይለዋል፤ ስሙን ያውቀዋል፣ ደስም ይለዋል። ስብሰባውን የሚዘጋው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። «ጥያቄ ያለው?» ይላል፤ ዙሪያውን በዓይኑ ይቃኛል፤ «ጥሩ፣ ወደ ሥራ!» ብሎ የሣጥኗን ቁልፍ ይጫናል።

በሣጥኗ በኩል የሚገባው ሰው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ፕሮግራም ጸሐፊ ነው። ከተቀጠረ ሦስት ወሩ ነው። የሕንፃው ሊፍት በር ስልሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የእሱ ወንበር ሰባ አንድ ነው። አከራዩ «በሩን አሰፋዋለሁ» ካሉም ሦስት ወር ሞላቸው። «በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያሰፉት እንኳ ዛሬ ይገባ ነበር» ይላል ደቂቃ ሲቀልድ። ሰውየውን ያዩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በተቀጠረ ዕለት ሁሉም ወደ ምድር ቤት ወርደው ጨብጠውታል። ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ሃምሳ ስምንት ስብሰባዎች ተራው ሲደርስ የሠራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ «ዝምተኛው» ተባለ።

በዚያ ማክሰኞ ስብሰባው እንዳለቀ ፈታሿ ሻይ ልታፈላ ገባች። ፈታሽ የሚሏት ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት እየሞከረች ስህተቱን የምታወጣ እሷ ስለሆነች ነው፤ አምስት ዓመት ሠርታበታለች። የሻይ ክፍሉን ከኮሪደሩ የሚለየው ስስ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ውኃው እስኪፈላ በዚያ በኩል የሚባለው ሁሉ ይሰማል። በዚያ በኩል ደቂቃና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ቆመዋል።

«ልጁ እኮ ጎበዝ ነው እትዬ» ይላል ደቂቃ። «እጁ ላይ እንከን የለም። ግን አይናገርም።»

«ዓይን አፋር ይሆናላ።»

«ሃምሳ ስምንት ስብሰባ ሙሉ? ያልገባውን አይጠይቅም፤ በራሱ ግምት ይሠራል። ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ጊዜ የሠራውን አፍርሰን እንደገና ሠራን። ቢጠይቅ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።»

«ታዲያ የምዘና ቅጹ ላይ ምን ሰጠኸው?»

«ተግባቦት፣ ከአምስት አንድ።»

«በአንድ አያልፍም እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ሆዴ አልቻለም።»

«ሆድህ ቻለም አልቻለም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላክልኝ። የሙከራ ጊዜው ዛሬ ያበቃል፤ ነገ ከላክህልኝ ዋጋ የለውም።»

ውኃው ፈላ፤ ፈታሿ ግን አልቀዳችም። የሚከነክናት ነገር አለ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስለ አንዲት ትንሽ ስህተት ለዝምተኛው በጽሑፍ መልእክት ልካለት ነበር። የመለሰላት ሠላሳ አራት መስመር ነው፤ ውስጡ ሦስት ቀልዶች ነበሩበት፣ አንዱ ጥሩ ነበር። በጽሑፍ እንዲህ የሚዘረግፍ ሰው በቃል ዲዳ የሚሆንበት ምክንያት አልታያትም። በእሷ ሙያ ደግሞ አንድን ነገር በሁለት መንገድ ለክተው ውጤቱ ካልተስማማ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የተለካው ነገር ሳይሆን መለኪያው ነው። ባዶ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣችና ከራሷ ስልክ ደወለችለት።

«ሄሎ!» አለ፤ ቀጠለም። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ? በስመ አብ፣ የሰው ድምፅ! ቆይ ራዲዮኑን ልቀንስ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ? የትናንቱን አስተካክዬዋለሁ፣ እንዲያውም ሳየው ከሥሩ ሌላ አገኘሁ፣ ልንገርሽ…»

አራት ደቂቃ ነገራት። አየር የሚስበው በቃላቱ መሃል እየሰረቀ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች በመጨረሻ፤ ለማስገባት ሁለቴ ሞክራ ነው። «ስብሰባ ላይ ለምን አትጠይቅም?»

ራዲዮኑ ጨርሶ ሲጠፋ ተሰማት።

«እጠይቃለሁ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ማለት… እጀምራለሁ። እሱ ‹ጥያቄ ያለው?› ሲል ‹አለኝ› እላለሁ፣ ወዲያው ‹ጥሩ፣ ወደ ሥራ› ብሎ ይዘጋብኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ተናደድኩ። በኋላ ግን ‹ጥያቄ ያለው?› ማለት እዚያ ቤት ‹ደህና ዋሉ› እንደማለት መሰለኝ። አዲስ ሰው ነኝ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ፣ ‹ለምን ዘጋህብኝ› ብዬ አለቃ ላይ ልጮህ?»

«ጽፈህ አትልክለትም?»

«አንድ ቀን ላክሁለት። ‹እንዲህ ያለውን ነገ ስብሰባ ላይ አንሳው› አለኝ።»

ፈታሿ ሳትፈልግ ሳቀች። ስለ ቅጹ አልነገረችውም፤ ሳይለኩ ሰው ማስደንገጥ አትወድም። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ በስብሰባው መስመር እንዲገባና ስታጨበጭብ እንደሰማ ወዲያው መልሶ እንዲያጨበጭብላት ብቻ ነገረችው።

ባዶው የስብሰባ ክፍል ገባች፤ የሣጥኗን ቁልፍ ተጫነች፤ ስልኳ ላይ የሰዓት መለኪያውን አዘጋጀች። አጨበጨበች። ጠበቀች። ከሣጥኗ ጭብጨባ መጣ። ጻፈች። አሥር ጊዜ ደገመችው። በሰባተኛው ላይ የማያ ገጾቹን የሚነድፈው ዲዛይነር በመስታወቱ በር አንገቱን አስገባ።

«ምንድን ነው፣ ልደት ነው?»

«ሥራ ነው።»

«ብቻሽን ነው የምታጨበጭቢው?»

«ከሰው ጋር ነኝ» ስትል ከሣጥኗ ጭብጨባው ደረሰ፤ ዲዛይነሩም በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

የአሥሩ አማካይ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። አንድ ሰው ሰምቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ የሚወስድበትን ሩብ ሰከንድ ገደማ ቀነሰችለት፤ ሁለት ነጥብ ስድስት ቀረ። ድምፁ ከሣጥኗ ወጥቶ በዋናው መሥሪያ ቤት ማሽን በኩል ዞሮ ስለሚሄድ አንድ ሰከንድ ከምናምን ለመሄድ፣ አንድ ሰከንድ ከምናምን ለመምጣት ይወስዳል። ግን ይህ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ሁለት ነጥብ ስድስት ሰከንድ ማንም ሊጠብቀው የሚችለው ጊዜ ነው። የመስመሩን ችግር ለደቂቃ ብትነግረው «እሺ፣ መስመሩ ትንሽ ይዘገያል፤ እሱ ግን ለምን አይናገርም?» እንደሚላት ታወቃት። የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከታ ወጣች።

ቤቷ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ ከእናቷ ጋር በሁለት ክፍል ይኖራሉ። ማክሰኞ በመሆኑ አጎቷ መጥተዋል። እሳቸውና እናቷ ከአባታቸው ቤት በተረፈ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ምክንያት አራት ዓመት ተኳርፈው ነበር። መኪናውን ማን እንደወሰደው አሁን ማንም አያነሳውም፤ በየማክሰኞው ግን አጎቷ ይመጣሉ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ ወንድምና እህት ፊት ለፊት ቁጭ ብለው ዝም ይላሉ። ድሮ ኩርፊያ የነበረው ዝምታ መቼ ወደ ጨዋታ እንደተለወጠ ፈታሿ ልብ አላለችም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ከአልጋው ጫፍ ጋር ይነካካል፣ መስኮቱ ላይ ሁለት የሽንኩርት ቡቃያ በቆርቆሮ ውስጥ ቆሟል። እናቷ ሾርባውን አወጡ። የዳቦው ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ እንደጨመረና መጠኑም እንደቀነሰ ተናገሩ፤ ማንም አልመለሰም።

«ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ?» አሉ እናቷ ወደ ወንድማቸው ዞረው።

አጎቷ አልመለሱም። እናቷ ተነሥተው ዳቦ ቆረሱ። ቢላዋውን አጠቡ። ለልጃቸው ጨው አቀበሉ። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጥያቄውን አልደገሙትም፣ ወደ ሌላም ወሬ አልሄዱም፤ የሽንኩርቱን ቡቃያ እያዩ ጠበቁ።

«ግራው» አሉ አጎቷ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግራው ይሻላል።»

«እሰይ።»

ፈታሿ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ አልመለሱልሽም ብለሽ አትተይውም?»

«ለምን እተወዋለሁ?» አሉ እናቷ። ስልክ ማዞሪያ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። «ሩቅ አገር ያገናኘሁት ሰው ወዲያው አልመለሰም ብዬ መስመር ብነቅል ኖሮ በመጀመሪያው ወር ነበር የሚያባርሩኝ። ከሩቅ ያለ ሰው ጠይቀሽው ዝም ካለ ዝም አላለም፤ ቃሉ መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ለአጎትሽማ ጠይቀሽው ድስት ጥደሽ ትመለሻለሽ።»

አጎቷ ጥቂት ቆይተው «ክብደቱ ምን ያህል?» አሉ።

«የምኑ?»

«የዳቦው። ቀነሰ አላልሽም?»

ፈታሿ ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሣች። አንድ ሳትለካው የቀረች ነገር ነበረች።

መሥሪያ ቤቱ «የቀረ ሰው ያዳምጠው» እየተባለ እያንዳንዱን ስብሰባ ይቀዳል፤ ማንም አዳምጦት አያውቅም። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ የመጨረሻዎቹን አሥር ስብሰባዎች ከመጨረሻቸው ከፈተች። የለካችው «ጥያቄ ያለው?» ከሚለው ቃል ፍጻሜ ጀምሮ ቁልፉ «ቀጭ» እስኪል ያለውን ነው። ረጅሙ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሰከንድ ሆነ። አጭሩ፣ የዓርብ ዕለቱ፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት። አማካዩ አንድ ነጥብ ሦስት። በስድስቱ ላይ ደግሞ ቁልፉ የሚጮኸው ደቂቃ «ጥሩ» ብሎ ሳይጨርስ ነው። የዝምተኛው መልስ ግን ለመድረስ ሁለት ነጥብ ስድስት ይፈልጋል፤ «አለኝ» ባለ ቁጥር ቃሉ የደረሰው በተዘጋ ሣጥን ላይ ነው።

ደቂቃ የራሱ ቢሮ ውስጥ ነበር። ቅጹ ከፊቱ ማያ ላይ ተከፍቷል። ሰዓቱ ስምንት ከአምስት ይላል።

«አለቃ፣ ሁለት ደቂቃ ስጠኝ።»

«አንድ።»

«ሁለት። ጠዋት ከእትዬ ጋር ያወራችሁትን ሰምቻለሁ። ሆን ብዬ አይደለም፣ ግድግዳው ነው።»

ፊቱ ቀላ። «ይህ ያንቺ ጉዳይ አይደለም።»

«ስህተት ማግኘት የኔ ጉዳይ ነው። ዝምተኛው ይናገራል። አንተ ነህ የማትጠብቀው።»

«እኔ?» ከወንበሩ ብድግ አለ። «እኔ አልጠብቅም? ሁሉንም አንድ በአንድ እያየሁ እኮ ነው የምጠብቀው! እንዲያውም አንዳንዴ በጣም አረዝመዋለሁ፤ እኔን ራሴን ይጨንቀኛል።»

«በል ጠይቀኝ። እንደምታረዝመው አርዝመህ ጠብቅ።»

ደቂቃ ኮቱን አስተካከለ። «ጥያቄ ያለው?» አለ፤ በክፍሉ ውስጥ የሌሉትን ስድስት ሰዎች በዓይኑ ቃኘ፤ ግድግዳውን አየ፤ መስኮቱን አየ። «ጥሩ። ይኸው። ረጅም ነው።»

ስልኳን አዞረችለት። አንድ ነጥብ ስድስት ይላል። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በግራ የጭብጨባው አሥር ቁጥሮች፣ በቀኝ የእሱ አሥር ቁጥሮች። ደቂቃ ሁለቱን ዓምዶች በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ሲጨርስ ከላይ ጀመረ።

«የዓርቡ እውነት ነው?»

«ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

ተቀመጠ። ለጥቂት ጊዜ ቁጥሮቹን እንጂ እሷን አላያትም። «የሠራውን ሁለት ጊዜ ያስፈረስኩት…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ከዚያ «አምስት ሰከንድ ስንት ነው?» አለ።

«አምስት ነው።»

«ማለቴ፣ ሲጠብቁት። ያዥልኝ።»

ያዘችለት። ሁለቱም ፊት ለፊት ተያይተው ዝም አሉ። በሁለተኛው ሰከንድ ደቂቃ ብዕሩን አነሣ። በሦስተኛው አስቀመጠው። በአራተኛው ግንባሩን ማላብ ጀመረው። በዚህ መሃል የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ስለ ቅጹ ልታስታውሰው በሩን ከፈተች፤ የሁለቱን ፊት አየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ» አለ ደቂቃ፤ ሳቁ አመለጠው። «እየጠበቅን ነው። ቅጹ ይቆየኝ፤ ሰው መጥራት አለብኝ።»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ሁሉም ሞላላው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በቀን ሁለተኛ ስብሰባ ተደርጎ ስለማያውቅ ዲዛይነሩ «ልንባረር ነው እንዴ?» ይላል። ደቂቃ የሣጥኗን ቁልፍ ተጫነ፤ አረንጓዴው በራ። ሁልጊዜ ቁልፉን የሚጫንበትን ቀኝ እጁን ከጭኑ ሥር ከትቶ ተቀመጠበት። ፈታሿ የምትወዛወዘዋ ወንበር ደርሳት፣ እንዳትንቋቋባት ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አሁን ዝምተኛው ዝም ቢል ወረቀቷ ወረቀት ብቻ ነው፤ ቅጹም እንዳለ ይሄዳል።

«አንድ… የለም፣ የፈለገውን ያህል ደቂቃ» አለ ደቂቃ። «ያቀድነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥያቄ ያለው?»

አንድ ሰከንድ አለፈ። ዲዛይነሩ ሊነሣ ወንበሩን ገፋ አደረገ፤ ደቂቃ በዓይኑ መለሰው። ሁለተኛው አለፈ። ደቂቃ ከንፈሩን ነከሰ፤ የተቀመጠበት እጁ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ተኩል። ሣጥኗ ጉሮሮ ስትጠርግ ተሰማ።

«አለኝ» አለ ዝምተኛው። ጥቂት ቆየ። «ሄሎ? አልዘጋችሁም?»

«አልዘጋንም!» አሉ ሁሉም ባንድ ላይ። ጩኸታቸው ዞሮ እስኪደርሰው እሱ «ሄሎ? ሄሎ?» እያለ ነበር፤ ሲደርሰው ሳቀ፤ ሳቁም እነሱ ሳቅ ከጨረሱ በኋላ መጣ፤ ያን ጊዜ እንደገና ሳቁ።

«እሺ እንግዲህ» አለ። «ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት አንድ ወንበር ቢገዙ ማን ነው የሚቀመጠው? እኔ መጀመሪያ የከፈለው ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ግን ማንም አልነገረኝም።»

ዙሪያውን ተያዩ። ይህን የወሰነ ሰው አልነበረም። ደቂቃ በግራ እጁ፣ በተንጋደደ ጽሑፍ መጻፍ ጀመረ።

«ሁለተኛ። ተሳፋሪው ስልኩ ቢጠፋበት ትኬቱ አብሮ ይጠፋል? ሦስተኛ። የራሱን ወንበር ይዞ የሚመጣ ሰው የትኛውን ወንበር ይመርጣል? ለራሴ አይደለም የምጠይቀው፣ ለዘመዶቼ ነው።»

ዲዛይነሩ «ዘመዶችህ ስንት ናቸው?» አለና ራሱ በቀልዱ አፈረ። መልሱ እስኪመጣ ማፈሪያ ጊዜ ነበረው።

«ብዙ ነን። አውቶቡስ የማይጠብቀን ብዙ ነን» አለ ዝምተኛው በደስታ፤ ወደ አራተኛው አለፈ። ስድስተኛው የሊፍቱ በር መቼ እንደሚሰፋ ነበር። ደቂቃ በዚህ አልቀለደም፤ «አከራዩ ጋ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» ብሎ ጻፈ። ስምንተኛው ላይ ደቂቃ ሊመልስ ሲጀምር የዝምተኛው ዘጠነኛ ከላይ ወደቀበት፤ ሁለቱም «ቀጥል» «ቀጥል» ተባባሉ፤ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ሁለቱም እንደገና ባንድ ላይ ጀመሩ። ፈታሿ ጣቷን አንሥታ ተራ ሰጠቻቸው። እግረ መንገዷን የራሷንም አንድ ጥያቄ አስገባች፤ ከዓመት በፊት ልትጠይቀው አስባ «ጥሩ፣ ወደ ሥራ» የቀደማትን። ሒሳብ ክፍሉን የሚጽፈው፣ በስብሰባ ላይ ድምፁ የማይሰማው ጎልማሳም እጁን አነሣ።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ከመስታወቱ ውጭ ቆማ ሰዓቷን በጣቷ ትመታለች። ደቂቃ ቅጹን እዚያው በስልኩ ከፈተ፤ አንዱን አጥፍቶ አራት ጻፈበት፤ ላከው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ቀርቶታል።

«ለምን አምስት አልሆነም?» አለች ፈታሿ ሲወጡ፣ በሹክሹክታ።

«ሁለት ጊዜ አቋረጠኝ እኮ!» አለ ደቂቃ።

ስብሰባው ሃምሳ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ዝምተኛው አሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ መልስ የተገኘው ለሰባቱ ነው።